ለአባቴ ንገሪልኝ

ተወልጄ ያደግኩት ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ማዶ ነው። አባቴ የጭነት ክፍል ሠራተኛ ስለነበር የአውሮፕላን ድምፅ ለእኛ ቤት እንደ አውራ ዶሮ ጩኸት ነበር። እናቴ ሰዓት አስራ አታውቅም። «የድሬዳዋው ተነሥቷል፤ ወጡን አውርጂው» ትለኝ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ሲነሣና ሲያርፍ ስንሰማ ብንኖርም ከቤታችን አንድም ሰው ተሳፍሮ አያውቅም። የመጀመሪያዋ እኔ ሆንኩ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ለሶቪየት ኅብረት የትምህርት ዕድል ስሜ ሲወጣ፣ ከስሜ ትይዩ የተጻፈው «መስኖ» የሚል ነበር። እኔ የምመኘው ሕክምና ነው። ግን ያኔ የተሰጠሽን እንጂ የወደድሽውን አትማሪም። እናቴም ምን እንደምማር አልጠየቀችም። በሠፈራችን በቀይ ሽብሩ ዓመታት ልጅ ያልተወሰደበት ቤት ጥቂት ነበር። «ሂጂልኝ» አለች፣ «ብቻ ከዚህ ሂጂልኝ»።

የመሄጃዬ ቀን አውሮፕላን ማረፊያው በሸኚ ተሞልቶ ነበር። አብረውኝ ከሚሄዱት መካከል የትምህርት ቤት ሹራብ የለበሰች ቀጭን ልጅ አየሁ። በአንድ እጇ ዳቦ ቆሎ የተቋጠረበት ጨርቅ ይዛለች። አጠገቧ ነጭ ቆብ ያደረጉ ረጅም ሰው ብቻቸውን ቆመዋል። ሌላው ሁሉ ቤተሰቡን አስከትሎ ሲያለቅስና ሲስቅ እነሱ ሁለቱ ዝም ብለው ነበር። ሰውዬው ሲያዩን ቆይተው ወደ አባቴ መጡ።

«ልጅዎ ናት የምትሄደው?»

«አዎ፣ ልጄ ናት።»

«የኔም ከሷ ጋር ናት። እኔ ከደሴ ነው የመጣሁ፤ ነጋዴ ነኝ። ሁለቱን አንድ ላይ ብናደርጋቸው ምን ይመስልዎታል?»

አባቴ ሳቀ። «አውሮፕላኑ አንድ ነው፤ አንድ ላይ ናቸው እኮ!»

«አይ፣ በልብ ማለቴ ነው» አሉ። ከዚያ የእኔን እጅ ወስደው የልጃቸው እጅ ላይ አደረጉት። «እኅትሽ ናት። አደራ» አሉኝ። ለእሷም ያንኑ ደገሙላት።

አውሮፕላን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መሬቱ ከሥራችን ሲርቅ ፈርታ ክንዴን ጨበጠችኝ፤ ትንሽ ስትረጋጋ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «አባቴ ጋቢም ሲሸጡ እንዲሁ ናቸው፤ ካላጣመሩ አይሸጡም» አለችኝ። እንዲያ ስትል ነው የወደድኳት።

የተመደብንበት ከተማ ኡዝቤኪስታን ውስጥ ያለው ታሽከንት ነበር። የሶቪየት አገር ሲባል በረዶ ብቻ ጠብቀን እናቴ ከእነአንገት ልብሱ ጠቅልላኝ ነበር የሄድኩት። ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ወላፈን ፊታችንን ገረፈን። በየመንገዱ ዳር፣ በዛፎቹ ሥር፣ ውሃ የሚሄድባቸው ጠባብ ቦዮች አሉ። ከአውቶቡስ ወርደን ወደ ተማሪዎች መኖሪያ ስንሄድ ጓደኛዬ ሻንጣዋን አስቀምጣ ቦዩ ዳር ቁጢጥ አለችና እጇን ውሃው ውስጥ ከተተች።

«ይኼ ሁሉ ውሃ ዝም ብሎ መንገድ ለመንገድ ይሄዳል? ማንም ሳይቀዳው?»

ሊቀበለን የመጣው ሰውዬ በሩሲያኛ የሆነ ነገር ተናገረ። እኛ አንድም ቃል አልገባንም። እሷ ግን እጇን አላወጣችም።

ክፍላችን ሦስት አልጋ ነበረው። ሦስተኛው አልጋ ላይ ከዛንዚባር የመጣች ልጅ ጠበቀችን። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ድምፀ ትልቅ። እሷ ከእኛ አንድ ወር ቀድማ ስለመጣች ሩሲያኛውን በግማሽ ታውቀዋለች፤ የማታውቀውን ግማሽ በእጅና በዓይን ትሞላዋለች። በአንድ ሳምንት ውስጥ የት ዳቦ እንደሚገዛ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ሙቅ ውሃ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ፣ ከየትኛዋ ጥበቃ ሴትዮ መጠንቀቅ እንዳለብን አስተማረችን።

የመጀመሪያው ችግራችን ሥጋ ነበር። የወሎዋ ልጅ እስላም ናት፤ እኔ ክርስቲያን። በዚያ ከተማ የአገሬው ሰውም እስላም ስለሆነ ያረደውን እሷ ትበላለች፤ እኔ አልበላም። የተማሪ ምግብ ቤቱን ሥጋ ደግሞ ማን እንዳረደው ስለማይታወቅ እሷ አትነካውም፤ እኔም እጠራጠራለሁ። አንዷ እየበላች ሌላዋ ጦሟን ከምታድር ብለን ሁለታችንም ተውነው። ስድስት ወር ሙሉ ድንችና እንቁላል፣ እንቁላልና ድንች። የዛንዚባሯ ልጅ ትልቅ ሳህን ሙሉ ሩዝ በበግ ሥጋ ይዛ ፊታችን ትቀመጥና «እናንተ ከአንድ አገር ነው የመጣችሁት?» እያለች ትስቅብን ነበር።

አንድ ቀን አሞኝ ተኛሁ። የወሎዋ ልጅ መረቅ ሠርታ አመጣችልኝ። የምን መረቅ እንደሆነ ሽታው ነገረኝ። ቀና ብዬ አየኋት።

«እኔ አልነግርብሽም» አለች፣ «አንቺም አትንገሪ»።

ጠጣሁት። ለእናቴ እስክትሞት ድረስ አልነገርኳትም።

በመከር ጊዜ የአገሬው ተማሪ ሁሉ ጥጥ ለቀማ ይወሰዳል። ሕንፃው ባዶ ይሆናል፤ እኛ የውጭዎቹ ብቻ እንቀራለን። ሦስታችን የተዋወቅነው በደንብ ያኔ ነው። ጠዋት ጠዋት ገበያ ሄደን ሐብሐብ እንገዛለን፤ ቦዩ ዳር ተቀምጠን እየበላን ፍሬውን ውሃው ውስጥ እንተፋለን። የዛንዚባሯ ልጅ ስለ ባሕር ታወራለች። የወሎዋ ልጅ ስለ አባቷ ሱቅ፤ እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች የጨርቅ ጣቃ ላይ ተኝታ ነው ያደገችው። እኔ ስለ አውሮፕላኖቹ። ሩሲያኛችን እየቀና የሄደው በክፍል ውስጥ ሳይሆን እንዲህ ስንጨዋወት ነው፤ የዛንዚባሯ ቀልድ ለእኛ፣ የእኛ ለእሷ እንዲገባ ስንታገል።

በሒሳብ ደካማ ነበርኩ። የውሃ ግፊት ስሌት ሲመጣ ደብተሬ ላይ አለቅስ ነበር። የወሎዋ ልጅ ሻይ መጠጫዎቹን ደርድራ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ውሃ እያንቆረቆረች፣ «እቴ፣ ውሃ እኮ ሰነፍ ነው፤ ሁልጊዜ የሚቀለውን መንገድ ነው የሚፈልግ። አንቺ የሚቀለውን አሳዪው» ትለኛለች። እቴ ማለት ልማዷ ነበር። ለፈተና ስትቀሰቅሰኝ፣ ፀጉሬን ስትሠራኝ፣ ስትቆጣኝም እቴ ናት። ተጣልተን እናውቃለን። በተለይ በክረምት፣ የዛንዚባሯ ልጅ መስኮት እንዳይከፈት ትልና እኔ ታፈንኩ ብዬ እከፍታለሁ፤ አንዴ ለሦስት ቀን ተኳርፈን የወሎዋ ልጅ በመሃላችን መልእክተኛ ሆነች። ግን ብርዱ ሲበረታ ሦስቱን አልጋ አጋጥመን ነበር የምንተኛው።

እንዲህ እንዲህ እያልን አራተኛ ዓመት ደረስን።

በዚያ ዓመት ከደሴ የሚመጣው ደብዳቤ ጠባዩ ተለወጠ። አባትየው በፊት ረጅም ነበር የሚጽፉት፤ የሱቁን፣ የጎረቤቱን፣ የዋጋውን ሁሉ። አሁን ባጭሩ ሆነ። «ዝናብ ዘግይቷል፤ እኛ ደህና ነን» አለ አንዱ። ቀጣዩ፣ «ከገጠር ዘመድ መጥቶ ቤታችን እንግዳ ሞልቷል» አለ። የመጨረሻው ሁለት መስመር ብቻ ነበር፦ «እንግዶቹ ሃያ ደርሰው ነበር። ስድስቱን ሸኝተናል።»

አንብባ ወረቀቱን ሰጠችኝ። አልገባኝም። «ወዴት ሄዱ?» አልኳት።

ወረቀቱን መልሳ ወሰደችና አጠፈችው። «ደብዳቤ ይከፈታል» አለች፣ «ስለዚህ ሸኘን አሉ»።

በዚያው ሰሞን የተማሪዎች ማኅበራችን ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ይዘጋጅ ነበር። መዝሙር እናጠናለን፣ ጨርቅ ላይ መፈክር እንጽፋለን። ከሞስኮ፣ ከኤምባሲው አንድ ሰው መጥቶ ስብሰባ ጠራን። ሰውዬው ስለ ድሉ ተናግሮ ሲጨርስ «ጥያቄ ያለው?» አለ፤ እንደ ደንቡ ማንም ሊጠይቅ አይገባውም። እሷ ተነሣች።

«እኔ አለኝ» አለች። «የምንዘምረው መዝሙር ውስጥ ስለ ጥጋብ የሚል አለ። አባቴ ቤት ሃያ ሰው ተጠግቶ ስድስቱ ሞቷል። እኛ የመስኖ ተማሪዎች ነን። ስለዚህ ካልተናገርን ስለ ምን ልንናገር ነው የተማርን?»

ለእኔ የውሃ ግፊት ስታስረዳኝ እንደምትናገረው ነበር የተናገረችው። ከዚያ ከፊት የተቀመጠ አንድ ተማሪ «የጠላት ወሬ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሌላውም ተከተለ። ሂስ እንዲደረግባትና ስሟ እንዲመዘገብ ሐሳብ ቀረበ። የሚደግፍ እጁን እንዲያወጣ ተጠየቀ።

ዙሪያዬን አየሁ። እጆች ሁሉ ወጥተዋል። አባቴ ትዝ አለኝ፤ በየማለዳው የሚያሳየው የመግቢያ መታወቂያው። የሠፈራችን የተወሰዱ ልጆች ትዝ አሉኝ። እጄን አነሣሁ። እሷ ወደ እኔ አልዞረችም።

ቀድሜያት ወደ ክፍል ሄጄ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ቆይታ መጣች፤ ጫማዋን አወለቀች፤ ሻይ ጣደች። የዛንዚባሯ ልጅ «ምን ሆናችሁ?» አለች። የወሎዋ ልጅ ክቡን ዳቦ እንደ ሁልጊዜው ሦስት ቦታ ቆርሳ የእኔን ድርሻ ፊቴ አስቀመጠችው።

«እጄን አንሥቻለሁ» አልኳት።

«አይቼሻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አትሰድቢኝም?»

«ርቦኛል» አለች። «መጀመሪያ ልብላ።»

በላች፤ አልሰደበችኝም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እቴ ማለቷን አቆመች። በስሜ ትጠራኝ ጀመር። ሒሳቡንም ታስረዳኛለች፤ ፀጉሬንም ትሠራልኛለች፤ ሁሉንም ግን በስሜ እየጠራችኝ። አንድ ዓመት ከምናምን እንዲህ ኖርን። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከስድቧ ይልቅ ያቺን አንዲት ቃል ስጠብቅ ከረምኩ።

ትምህርቱን ስንጨርስ ሁላችንም ወደ አገር መመለሻችን ደረሰ። እሷን ኤምባሲው ሁለት ጊዜ ጠርቶ አናግሯት ነበር። «አገርሽ ስትገቢ እንነጋገራለን» እንዳሏት ነገረችን። ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር።

ወደ አገር ከመመለሴ በፊት በነበረው ሳምንት አንድ ጠዋት ሦስታችንም ቦዩ ዳር ተቀመጥን። የዛንዚባሯ ልጅ ከቦርሳዋ የባቡር ትኬት አውጥታ የወሎዋ ልጅ ጭን ላይ ዘረጋች። የውጭ ተማሪ በበጋ በባቡር እስከ ምዕራብ በርሊን ሄዶ መመለስ ይችል ነበር፤ ብዙዎች ለልብስ ይሄዱ ነበር።

«እኔ አልመለስም» አለች የወሎዋ ልጅ።

ቀድሞም ጠርጥሬ ነበር፤ ሆኖም ስሰማው እንደ አዲስ ሆነብኝ። ወደ እኔ ዞረች።

«ለአባቴ ንገሪልኝ። በደብዳቤ አይሆንም፤ በስልክም አይሆንም። ባፍሽ ንገሪያቸው።»

«ምን ብዬ?»

«እውነቱን። ብቻ ስትነግሪያቸው ተቀምጠው ይሁን። ልባቸው ደህና አይደለም።»

ማልቀስ ጀመርኩ። ያ ስብሰባ፣ ያነሣሁት እጄ ትዝ አለኝ፤ ይቅርታ ልጠይቃት ስል አቋረጠችኝ።

«ተይው። ያን ቀን እጅሽን ባታነሺ አንቺም አትመለሺም ነበር። ታዲያ ማን ይነግርልኝ ነበር፣ እቴ?»

ባቡሩ የሄደው በማግስቱ ጠዋት ነው። የዛንዚባሯ ልጅ እስከ ሞስኮ ልትሸኛት አብራት ተሳፈረች። እኔ መድረኩ ላይ ቀረሁ። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ እሷ እጇን አላውለበለበችም፤ መስታወቱ ላይ መዳፏን ለጥፋ ነበር የሄደችው።

ቦሌ የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነው። በእኛ አገር ክረምት ስለነበር ከገርጂ በኩል የሚመጣው የእርጥብ አፈር ሽታ አውሮፕላኑ በር ላይ ተቀበለኝ። እናቴ እልል አለች፤ አባቴ የሥራ ካፖርቱን እንደለበሰ አቀፈኝ። ከእነሱ ጀርባ ነጭ ቆብ አየሁ። የጓደኛዬ አባት ስድስት ዘመዶቻቸውን ይዘው፣ ውይይት ታክሲ ኮንትራት ይዘው መጥተዋል። አርጅተዋል። ዓይናቸው በእኔ ትከሻ ላይ አልፎ በሩን ይመለከታል።

«ወዴት ቀረች? ሻንጣ ይዟት ነው?» አሉኝ።

አካባቢው ላይ ሲቪል የለበሱ ሰዎች ቆመዋል። ከስድስት ቀን ጀምሮ ያጠናሁት ንግግር ሁሉ በነነ። «አባባ፣ ይቀመጡ» ነው ያልኩት።

«የት ልቀመጥ? ወንበር የለም እኮ!»

ሻንጣዬን አጋደምኩላቸው። ፊቴን ካዩ በኋላ መልሰው አልጠየቁም፤ ሻንጣው ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸውን እንደምስም ሰው አጎነበስኩ።

«አልመጣችም። በሕይወት አለች፣ ደህና ናት። ወዳ ነው የቀረችው።»

«ታማ ነው?»

«አይደለም።»

«አግብታ ነው?»

«አይደለም፣ አባባ። ተናግራ ነው።»

«ምን ተናግራ?»

«ስለ ረሃቡ። በስብሰባ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።»

አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። «እኔ ነኝ የጻፍኩላት» አሉ። «ወላሂ እኔ ነኝ። ባልጽፍላት ኖሮ…»

አደራቸውን እንዳልጠበቅሁ፣ እጄን እንዳነሣሁባት ልነግራቸው ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። እሳቸው ግን ቀድመውኝ ትከሻዬን ተደግፈው ተነሡ፤ ወደ ዘመዶቻቸው ዞረው፣ የቆሙት ሰዎች ሁሉ እንዲሰሙ ጮክ ብለው «ትምህርቷ ስድስት ወር ቀርቷታል! የቀረችው ለበጎ ነው፤ ይችኛዋን ልጄን ተቀበሉ!» አሉ። ሴቶቹ ተራ በተራ ሳሙኝ።

እናቴ ሁሉንም ወደ ቤት ይዛ ሄደች። ለእኔ መምጣት በግ ታርዶ ነበር፤ እሷ ግን እንግዶቹን ስታይ ጓዳ ገብታ ሽሮና ጎመን በአዲስ ድስት ጣደች። እሳቸው ከሽሮው ጥቂት ጎረሱ። «አብሽሪ፣ ልጄ» አሉኝ ሲወጡ። እኔን ነበር የሚያጽናኑት።

በአንድ የውሃ ሥራዎች መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ሥራዬ ቦይ በወረቀት ላይ መንደፍ ነበር። አንዱም አልተቆፈረም፤ አገሩ ጦርነት ላይ ነበር። ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ወደ ገርጂ በኩል በስንዴው ማሳ ዳር እሄድ ነበር። ከዝናብ በኋላ በእግር መንገዱ ጠርዝ ላይ ውሃ ሲሄድ ሳይ ቁጢጥ እላለሁ። እቤቴ ነኝ፣ በአገሬ፣ እናቴ ጓዳ ውስጥ ሆና ትጠራኛለች፤ እኔ ግን የሦስት አልጋ ክፍል ይናፍቀኛል። ለማን ይነገራል? «ከውጭ መጥታ ኩራት ጀመራት» ከመባል በቀር ሌላ አያተርፍም። ሩሲያኛ እንዳይጠፋብኝ ብቻዬን ስሆን ለሁለቱም እያወራሁ ሳህን አጥብ ነበር።

ወደ ዓመቱ መጨረሻ ከዛንዚባር ፖስታ መጣ። ውስጡ ሌላ ፖስታ አለ። የወሎዋ ልጅ ጀርመን ሆና ለዛንዚባሯ ትልካለች፤ እሷ ለእኔ። በአማርኛ ቢሆን ሊነበብ ይችላል ብላ በሩሲያኛ ነበር የጻፈችው። እዚያ የተማረ ሰው በሩሲያኛ ቢጻጻፍ ማንም አይገረምም።

አባቷ በየሦስት በየአራት ወሩ ዕቃ ሊገዙ አዲስ አበባ ይመጣሉ። ከመርካቶ ጨርሰው ወደ ቦሌ ብቅ ይሉና ሳሎናችን ውስጥ ቆባቸውን አስተካክለው ይቀመጣሉ። እኔ ሩሲያኛውን እያየሁ ባማርኛ እነግራቸዋለሁ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ሳነብላቸው «አባቴ ሆይ፣ በጣም ትናፍቀኛለህ» አልኩ።

እጃቸውን አነሡ። «ቆይ። እሷ እንዲህ ትላለች? እኔን አንተ ትላለች?»

ሩሲያኛው እንደዚያ መሆኑን ላስረዳቸው ሞከርኩ።

«አይ፣ እሷ እንዲህ አትልም። እሷ "አባዬ፣ አንጀቴ አንቱ ዘንድ ነው" ነው የምትል። እንደገና አንብቢው።»

እንደገና አነበብኩት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ቀድሜ ለብቻዬ እቀመጥና በእሷ አነጋገር እለማመዳለሁ፤ የት ላይ ትስቃለች፣ የት ላይ ትቆማለች። አንዳንዴ የሌለበትን እጨምርበታለሁ፤ ስለ ጤናቸው ስትጠይቅ፣ ስለ ሱቁ ስትጠይቅ። አንድ ቀን ጨርሼ ስቀመጥ «ይኼን የመጨረሻውን አንቺ ነሽ ያከልሽው» አሉኝ። አፈርኩ። «ደግ አደረግሽ» አሉና ለመሄድ ተነሡ።

የደርግ መጨረሻ ዓመታት ላይ ከደሴ መምጣቱ እየከበዳቸው ሄደ። አንድ ጊዜ ቀሩ፤ ሁለተኛም ቀሩ። ሁለት ደብዳቤ ሳይነበብላቸው መሳቢያዬ ውስጥ እያለ፣ ያኔ አውሮፕላን ማረፊያ ሊቀበሉኝ ከመጡት ዘመዶች አንዱ መጣ። ገና በሩ ላይ ሳየው አወቅሁ። በልብ ሕመም ነው፤ ከተቀበሩ ወር አልፏቸዋል።

ለልጃቸው ማን ይንገር? ይኼ እንደ ድንጋይ ተጫነኝ። በእኛ አገር መርዶ በደብዳቤ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ማልዶ ሄዶ፣ አቅፎ ነው የሚነገር። አንድ ፖስታ ከፍታ ብቻዋን በባዕድ አገር እንድታነበው ማድረግ አልቻልኩም። በየደብዳቤዬ «ሰሞኑን አልመጡም» እያልኩ አራት ወር ዋሸኋት።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ የዛንዚባሯ ጓደኛችን በቦሌ በኩል እንደምታልፍ ጻፈችልኝ። ለአጭር ሥልጠና ጀርመን ልትሄድ ነው፤ የሚቀጥለውን አውሮፕላን እስክትይዝ ግማሽ ቀን ቦሌ መንገድ ላይ ባለ ሆቴል ያሳርፏታል። ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ሮጥኩ። እንግዳ መቀበያው ውስጥ ተቀምጣለች፤ ሁለት ልጅ ወልዳ ይበልጥ ወፍራለች፤ ሳቋ ግን ያው ነው። ተቃቅፈን ስንጮህ የሆቴሉ ሠራተኞች ዞረው አዩን። ሁለታችንም ሩሲያኛው ዝጎብን ነበር፤ አንዷ የረሳችውን ቃል ሌላዋ እያስታወሰች እንደ መጀመሪያው ዓመት ሆንን።

ከዚያ ነገርኳት። ምን እንደማደርግ እንዳላወቅሁም፣ ለምን እንዳልጻፍኩም።

«በእኛ አገር ብዙ ሰው ሄዶ ነው መርዶ የሚነገረው» አልኳት።

«እኔ አንድ ነኝ» አለች።

«አንቺ ብዙ ነሽ።»

ሳቀች፤ ወዲያው አለቀሰች። ከዚያ እስክሪብቶ አውጥታ ጠየቀችኝ። በስንት ሰዓት ይነገራል? ምን ተብሎ ይጀመራል? ቆሞ ነው ተቀምጦ? እኔ እየነገርኳት እሷ እንደ ትምህርት ጻፈችው። «ተቀምጣ ይሁን» አልኳት። እኔ ለምን አብሬያት እንደማልሄድ አልጠየቀችም፤ በዚያን ጊዜ መውጫ ፈቃድ ማግኘት ምን እንደሆነ ታውቃለች። መኪናው ሊወስዳት ሲመጣ የልብሷን ጫፍ ይዤ መልቀቅ አቃተኝ።

ከወር በኋላ ጻፈችልኝ። ማልዳ ደርሳ በሩን ስታንኳኳ የወሎዋ ልጅ የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች ከፈተች፤ ማን እንደሆነች ስታይ ደስታዋ ልክ አልነበረውም፤ ከዚያ ፊቷን አየችና «አባቴ ነው» አለች፤ ሳይነግሯት። ሦስት ቀን አብራት ተቀመጠች። የጀርመን ጎረቤቶቿ ለቅሶውን ሰምተው ምን እንደሆነ ሊጠይቁ መጥተው፣ አንዲት አሮጊት ኬክ ይዛ ተመልሳ መጣች። እኔ ይኼን ሁሉ ያነበብኩት ቢሮዬ፣ የማይቆፈር ቦይ ንድፍ ላይ ተደፍቼ ነው።

ብዙም ሳይቆይ መንግሥቱ ወደቀ። በዚያ ዓመት የወሎዋ ልጅ ደብዳቤ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ፣ በአማርኛ መጣ። ጽሕፈቷን ሳየው ለረጅም ጊዜ አልከፈትኩትም። አጭር ነው። «እቴ፣ አባቴ ደብዳቤዬን ስታነቢላቸው ምን ይሉ ነበር? አንዱንም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ» ይላል። ቁጭ ብዬ የማስታውሰውን ሁሉ ጻፍኩ። እኔ የጨመርኳቸውን ቃላትም ሳልደብቅ ነገርኳት፤ የትኞቹ የእሷ እንዳልነበሩ፣ የትኞቹ ላይ አባቷ ፈገግ እንዳሉ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ መጥታለች። ደሴ ሄዳ መቃብራቸውን አይታ፣ እናቴ ቤት አድራ ተመልሳለች። የምትኖረው ግን እዚያ ነው፤ ባሏም ልጆቿም ሥራዋም እዚያ ናቸው። የዛንዚባሯም በየበዓሉ ትደውላለች። ከታሽከንት ወዲህ ሦስታችን በአንድ ክፍል ተቀምጠን ግን አናውቅም፤ አንዷ ስትችል ሌላዋ አትችልም፣ እየተባባልን ዕድሜያችን ሄደ። ባለፈው ሰሞን የወሎዋ ልጅ በስልክ «ያ ቦይ አሁንም አለ ይሆን?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ከዚያ ስለ ልጆቿ ጠየቅኋት።